አቃጠልከው የተባልኩት ሬዲዮ

አባባ አልጋው ላይ ተቀምጦ የብርድ ልብሱን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ማዞር የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ትንሽ ወደ ግራ ይመልሳል፣ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሊጠይቁት የሚመጡ የሕንፃችን ሴቶች መቁጠሪያ የያዘ እየመሰላቸው "የታደሉ አባት ናቸው፣ ጸሎታቸውን አልረሱም" ይሉኝ ነበር። አላረምኳቸውም። አባባ ጸሎቱን ከረሳ ቆይቷል፤ የእኔን ስም ከረሳም ከርሟል። ጣቶቹ የያዙት ግን የሬዲዮ ማዞሪያ ነበር። ጣቢያ እየፈለገ ነው።

በወጣትነቱ አማተር ሬዲዮ ነበረው። ይህን ለሰው ስናገር ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ ይመስላቸዋል። የአባባ ሬዲዮ ይሰማም ይናገርም ነበር። ጣራ ላይ በተወጠረ አንድ ሽቦ፣ መልኩን ከማያውቀው የሩቅ አገር ሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጥበታል፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ሽቦው ርዝመት፣ ስለዚያው ስለ ሬዲዮው ይጨዋወታል። ከከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሻን ስለነበር ፈቃድ ለማግኘት አልተቸገረም። ዕቃውን የሸጠለት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ መምህር ነው። ሬዲዮው ብቻውን አይነሳም። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለሬዲዮው እንደሚስማማው አድርጎ የሚሰጥ ሌላ ከባድ የብረት ሣጥን አብሮት አለ። አባባ "ፓወር ሳፕላይ" ይለዋል። እማዬ ግን ቤት ስትጠርግ ከቦታው ማነቃነቅ ስለማትችል "ወፍጮው" ነበር የምትለው።

ይህን ሬዲዮ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ቢያንስ ያደግኩት እንዲያ ተብዬ ነው።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ዛሬ አስፋልትና ሕንፃ በሆነው መንደር ውስጥ ነበር። ሬዲዮውን እንዳልነካ በተደጋጋሚ ተነግሮኛል። ያም ሆኖ አባባ ሥራ፣ እማዬ ገበያ ሲሄዱ ወንበር ላይ ወጥቼ ማብሪያውን ቀጭ ማድረግ ልማዴ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሮቹ ያሉበት መስታወት በቢጫ ብርሃን ይሞላል፣ ከውስጡም የሹሹታ ድምፅ ይወጣል። እሱን ካየሁና ከሰማሁ በኋላ አጠፋዋለሁ፣ ሌላ ምንም አላደርግም። አንድ ቀን ግን ቀጭ አደረግኩት፣ አልበራም። ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክረው የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከወንበሩ ወርጄ ሳልጨርስ አባባ በሩ ላይ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን የነበረበት ሰው ነው።

አልመታኝም። ሣጥኑ አጠገብ አቆመኝና "ይሸትሃል?" አለኝ።

"ይሸተኛል።"

"ምን ይሸትሃል?"

"የተቃጠለ።"

"ማን አቃጠለው?"

"እኔ።"

"ድገመው።"

"እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።"

ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ "ሁለተኛ ዕቃዬን እንዳትነካ" ብሎ ወጣ። እኔ ጥግ ይዤ እማዬ ከገበያ እስክትመለስ አለቀስኩ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የተመታ ልጅ ነገሩ እዚያው እንዳለቀ ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሳሾች መጡ። ጊዜው ደርግ ነው፤ በየቤቱ መሣሪያና ወረቀት የሚፈተሽበት ሰሞን። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ጎረቤታችን አንድ የጽሕፈት መኪና ተገኝቶበት ተወስዷል፣ አልተመለሰም። ጠመንጃ የያዙ አራት ሰዎች ገቡ፣ ፍራሹን ገለበጡ፣ የእማዬን ሣጥን ዘረገፉ፣ በመጨረሻ ሬዲዮው ላይ ደረሱ። መሪያቸው አባባን "በዚህ ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?" አለው።

"ተቃጥሏል" አለ አባባ። "ልጄ ነው ያቃጠለው።"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ "አንተ ነህ?" አለኝ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእኔ ከአንጀት ነበር። "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛ አልነካም" እያልኩ እንባዬና ንፍጤ ተደባለቀ። ሰውዬው ማብሪያውን ራሱ ሞከረው፣ አልበራም። ሳቅ አለና አናቴን መታ መታ አደረገኝ። አባባን "እንዲህ ያለ ልጅ ይዘህ ነው ሬዲዮ ያማረህ?" ብሎት ወጡ። ሬዲዮውን ለብረትነቱ እንኳ አልፈለጉትም።

እማዬ በኋላ በኋላ "እንኳን አቃጠልከው፣ አባትህን አተረፍክልኝ" ትለኝ ነበር። እኔ ግን ይህን ከእሷ አልነበረም መስማት የምፈልገው። አባባ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ አላለኝም። ስለ ሬዲዮው ሲነሳ ዝም ይላል፣ ዝምታው ደግሞ ከግልምጫ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የቤቱ እጀ ሰባራ እኔ ሆንኩ። ብርጭቆ ሲሰበር ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። አባባ በትርፍ ሰዓቱ የሰፈሩን ካውያና ምድጃ ይጠግን ነበር። ባትሪ የሚያበራለት፣ መበየጃ የሚያቀብለው ልጅ ሲያስፈልገው የጎረቤት ልጅ ያስጠራል እንጂ እኔን አይጠራም። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በሌላው ብቻ ሲሠራ አይቼ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሙያ ምረጡ ስንባል ኤሌክትሪክ የሚባለውን ክፍል በሩቁ ሸሸሁት። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፣ ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ወረቀትም መቃጠሉ አይቀርም፣ ግን ቀጭ የሚል ማብሪያ የለውም። ቤት ውስጥ አምፖል የምትቀይረው ባለቤቴ ናት። ሰው ሲስቅብኝ አብሬ እስቃለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ ወጣት ነበርኩ። የመጀመሪያ ደሞዜን ይዤ "አባባ፣ ሬዲዮውን እናሠራው" አልኩት። "ተወው፣ የተቃጠለ ነገር አይነካካም" አለኝ። ከዓመታት በኋላ ደግሜ ጠየቅኩት፣ መልሱ ያው ነበር። እማዬ ከሞተች በኋላ ቤት ብቻውን ሲውል አሳዝኖኝ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኩት፤ ተቆጣ። ይቅር አላለኝም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰፈሩ ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲደርሰን ሬዲዮው አብሮን መጣ። ተሸካሚዎቹ ወፍጮውን ደረጃ ለደረጃ ሲያወጡ የሰደቡትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ከአባባ አልጋ ሥር ገባና እዚያው ቀረ።

እናም ባለፈው ጥቅምት የብርድ ልብሱን ጫፍ ማዞር ሲጀምር፣ አንድ ቀን ደግሞ "ሬዲዮዬን ማን ወሰደብኝ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ልሠራው ወሰንኩ። አባባ በየሳምንቱ አንድ ነገር እየጣለ የሚሄድ ሰው ሆኖ ነበር። ጨርሶ ሳይሄድ ሬዲዮውን ከፊቱ አስቀምጬ "ያቃጠልኩትን ሠራሁት" ልለው ፈለግኩ። እሱም "በል እንግዲህ፣ ይቅር" ይበለኝ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ከሕንፃችን ሥር ባሉት ሱቆች መሃል አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ አለ። የወሎ ሰው ነው፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ፣ መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ። ሁለቱን ሣጥኖች አስወርጄ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ዙሪያቸውን እየዞረ አያቸው።

"ይሄን የሚጠግን አሁን የለም፣ ወንድሜ" አለኝ። "እኔም ልጅ ሆኜ፣ የተማርኩበት ሱቅ ውስጥ አንዴ ነው ያየሁት።"

"አይሠራም ማለት ነው?"

"መሥራቱን ይሠራል። ግን ጊዜ ይበላል፣ እኔ ደግሞ እንጀራዬ ቴሌቪዥን ነው። ከሥራ ስትወጣ እየመጣህ አንተው ሥራው፣ እኔ አሳይሃለሁ።"

እጄ ዕቃ እንደሚያበላሽ ነገርኩት። ሬዲዮውንም ያቃጠልኩት እኔ መሆኔን ጨምሬ ነገርኩት።

"እጅ አያበላሽም" አለ፣ መፍቻውን እያቀበለኝ። "ችኮላ ነው የሚያበላሽ።"

የመጀመሪያው ትምህርቱ መሰኪያውን ወደ ግድግዳው እንዳላስጠጋ ነበር። ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙ ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ነገሮች አሉ። ብዙ ዓመት ሳይሠሩ ሲቀመጡ ውስጣቸው ይደርቃል፤ በድንገት ኤሌክትሪክ ሲያገኛቸው ይፈነዳሉ፣ ሌላውንም ይዘው ይጠፋሉ። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ እዚህ ሣጥን ውስጥ ስሠራ አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ እንድከት ነው። በሁለት እጅ ከነኩት ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነው። አባባ ኪሱ ውስጥ የሚከተው እጅ ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ኩራት ያልኩት ሞትን መፍራት ኖሯል።

የወፍጮውን ስምንት ብሎኖች ፈታሁ። ክዳኑ ተነሳ። ጠጋኙ በባትሪ ብርሃን ጎንበስ ብሎ አየ፣ አሸተተ፣ እንደገና አየ።

"የቱ ጋ ነው የተቃጠለው?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ።"

ፊውዙን አወጣ። ደህና ነበር። በመለኪያው ትራንስፎርመሩን ሞከረ፤ ያም ደህና ነው። የጠቆረ፣ የቀለጠ፣ ያበጠ ነገር የለም። አቧራ ብቻ ነው። ከዚያ በወረንጦ ከማብሪያው የሚመጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እየነካ ሄደና ቆመ። በነጭ ክር የታሰረውን የሽቦ እስር ፈታ። ከመሃላቸው አንዲት ቀይ ሽቦ ለሁለት ተቆርጣለች። ሁለቱም ጫፎቿ በጨርቅ ፕላስተር ተጠቅልለው፣ ወደ ኋላ ታጥፈው፣ ከላይ የሚያይ ሰው እንዳያገኛቸው ከሌሎቹ ሥር ተደብቀዋል።

"ይሄ አልተቃጠለም፣ ወንድሜ" አለ ጠጋኙ። "ተቆርጧል። በፒንሳ። የቆረጠውም ባለሙያ ነው፤ ወላሂ፣ እኔ እንኳ እንዲህ አሳምሬ አልጠቀልለውም።"

ትራንስፎርመሩ ትከሻ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል የተቃጠለች የጎማ ቁራጭ ተጣብቃ ነበር። ከሣጥኑ ውስጥ የትኛውም ዕቃ ጎማ የለውም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ማስረጃ ሲያይ ያውቃል። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። አጭር ታሪክ ነው፣ ቶሎ አለቀ። ጠጋኙ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ "እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ተናደድኩ። ተረቱ ስንት ሌሊት እንደሚያድር አይናገርም።

ወደ ቤት ስወጣ በደረጃው ላይ ሁሉንም ነገር ገጣጠምኩት። አባባ አሰሳው እንደሚመጣ ሰምቷል። ሬዲዮውን አውጥቶ ቢጥለው ሰው ያየዋል፣ ቢቀብረው ይቆፈራል። ስለዚህ ገደለው። እኔ በስርቆሽ እንደማበራው ያውቃል፤ ሽቦዋን ቆርጦ፣ ጎማ አቃጥሎ ሽታውን ሣጥኑ ውስጥ ትቶ፣ የተለመደውን እንዳደርግ ጠበቀኝ። ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ በሩ ላይ የቆመው በአጋጣሚ አልነበረም። ልጅን ውሸት ከማስተማር ልጁን ራሱን መዋሸት ይቀላል። ውሸት የተማረ ልጅ አራት ጠመንጃ ሲያይ ይንተባተባል፤ የተዋሸ ልጅ ግን እውነቱን ነው የሚያለቅሰው።

እስከዚህ ድረስ ይገባኛል። እኔም አባት ብሆንና በሬ ላይ ጠመንጃ ቢቆም ከዚያ የባሰ አደርግ ይሆናል። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጠመንጃዎቹ ሄዱ። ዘመኑም ሄደ። እኔ አደግኩ፣ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ። አንድ ቀን ጠርቶ "አንተ አይደለህም" ቢለኝ ምን ነበረበት?

ጠየቅኩት። "አባባ፣ ሽቦዋን የቆረጥካት አንተ ነህ?" አልኩት። አየኝና ውሃ ለመነኝ። በማግስቱም ጠየቅኩት፤ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ሕንፃ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ፣ መቆጣቴን ብቻ አውቆ፣ አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረና አለቀሰ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት መጥታ አንዴ አየችኝ። ራሴን የጠላሁበት ቀን ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ላይ ጮኼ አስለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሱቁ አልወረድኩም። የተመለስኩት ለአባባ ብዬ ነው ብል ዋሸሁ። ጣቶቼ ናቸው የመለሱኝ። የብሎኑ አፈታት፣ ዕቃው በየቦታው የተቀመጠበት ሥርዓት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። የሣጥኑ ካፓሲተሮች ከደረቁ ቆይተዋል፤ ጠጋኙ ከጣላቸው አሮጌ ቴሌቪዥኖች እየነቀልኩ በቦታቸው ሌላ ተካሁ። የመጀመሪያው ብየዳዬ የወፍ ኩስ ይመስል ነበር፣ እሱም ይህንኑ አልሸሸገኝም። አሥረኛው ተሻለ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ጠጋኙ ራሱ የከበደውን ቴሌቪዥን እያስጠጋልኝ "ይቺን ቀጭን ቦታ አንተ በይድልኝ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም" ይለኝ ጀመር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ግን ከሁሉ የከፋውን ሐዘን አዘንኩ። ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ሰው ነበርኩ። ይህን ያወቅኩት በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ ለጡረታ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። በር ላይ ቆሞ የጎረቤት ልጅ መበየጃ ሲያቀብል የሚያየውን ልጅ አሰብኩትና አንጀቴን በላኝ።

የተቆረጠችውን ሽቦ መጨረሻ ላይ በየድኳት። ከዚያ መሞከር ነው። ጠጋኙ ሣጥኑ በቀጥታ ኤሌክትሪክ እንዳያገኝ በመስመሩ መሃል አንድ ባለ መቶ ሻማ አምፖል እንድናስገባ አዘዘኝ። ሣጥኑ ውስጥ ችግር ካለ አምፖሉ ቦግ እንዳለ ይቀራል፤ ጤነኛ ከሆነ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። የድሮው ዓይነት አምፖል አሁን ከገበያ ጠፍቷል፤ በመጨረሻ ሰንጋ ተራ አካባቢ ጫጩት ከሚያሞቅ ሰው ለምኜ አመጣሁ። ሰካነው። አምፖሉ ቦግ አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ደበዘዘ። ጠጋኙ "አልሐምዱሊላህ" አለ። እኔ አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ እንደሆነ ነበር፣ ማውጣቱን ረሳሁት።

ሬዲዮው ራሱ ሌላ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ አራተኛ ፎቅ ተመለሱ። መናገሪያውን አልነካሁትም፣ ፈቃድ የለንም፤ ለመስማት ግን አንቴና ያስፈልጋል። ከበረንዳችን እስከ ፊት ለፊቱ ሕንፃ የደረጃ ብረት ድረስ አንድ ረጅም ሽቦ ወጠርኩ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ከበታቻችን የምትኖረው ሴትዮ አምስት አንሶላና የልጆቿን ዩኒፎርም አስጥታበታለች። አንቴና መሆኑን ብነግራት "ታዲያ ጋሼ፣ ልብስ ካልተሰጣበት ለምን ወጠሩት?" አለችኝ። ልብሱ እስኪደርቅ ጠበቅን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤቴ ማቀዝቀዣውን ነቀለች፣ የስልኮቹንም ቻርጀር ነቀለች፤ ሁሉም ሬዲዮ ውስጥ ገብተው ይጮሃሉ። አባባን ደግፌ ከጠረጴዛው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ይቅርታ የምጠይቀው ነገር እንደሌለ አሁን አውቃለሁ። የምፈልገው ሌላ ነበር፤ "አንተ አይደለህም" እንዲለኝ። ማብሪያውን ቀጭ አደረግኩት።

መስታወቱ ቀስ ብሎ ቢጫ ሆነ። ሹሹታው መጣ። አባባ ፊቱ አልተለወጠም፣ እጁ ግን ከጭኑ ላይ ተነስቶ፣ ማንም ሳያሳየው፣ ማዞሪያው ላይ አረፈ። ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። የማላውቀው ቋንቋ አለፈ። ዘፈን የሚመስል ነገር አለፈ። ከዚያ ቲት ታት የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ሰው በሞርስ፣ አጭርና ረጅም ድምፅ ፊደል በሚሆንበት ቋንቋ፣ መልእክት ይልካል። የአባባ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ድምፁን ተከትሎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሳሳት ያነባቸው ጀመር። ቁርሱን መብላቱን የማያስታውስ ሰው ነው። ባለቤቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ላኪው ሲጨርስ አባባ ድምፁን ቀነሰና ወደ እኔ ዞረ።

"እርስዎ ነዎት የሠሩት?" አለኝ።

በቤታችን አንቱታ አልነበረም። እኔም አባቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት፣ ጎረቤት ይታዘበን ነበር። አንቱ ይለኝ የጀመረው ስሜን ከረሳ ወዲህ ነው። ሌላ ጊዜ ሲለኝ "ልጅህ ነኝ እኮ" እያልኩ አርመዋለሁ። በዚያ ቀን አላረምኩትም።

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"እጅዎ ጥሩ ነው" አለ። "በሥራው ብዙ የቆዩ ይመስላሉ።"

አባባ በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሲከፍቱት ሽቦዋን አይተዋታል።"

"አይቻታለሁ።"

"እኔ ነኝ የቆረጥኳት። ልጁ አይደለም።"

ዕድሜዬን በሙሉ የጠበቅኩት ቃል ይህ ነበር፤ መጣ፣ ግን ለሌላ ሰው ተባለ። "ልጁ እኔ ነኝ" ልለው አፌን ከፈትኩ። ያኔ ክንዴን ጨበጠኝ።

"ለልጁ እንዳይነግሩብኝ" አለ። "ውሸት አይችልበትም፣ ፊቱ ያስታውቅበታል። እሱ ካወቀ አለቀልን።"

"አልነግረውም።"

"በጣም አዝኗል። እህል እምቢ ብሏል። ተኝቶ ሲባንን እሰማዋለሁ፣ ግን ምን ላድርግ?"

አባባ ያኔ መባነኔን ይሰማ እንደነበር አላውቅም ነበር።

"እስከ መቼ ነው ታዲያ?" አልኩት። "መቼ ነው የሚነገረው?"

አሰበ። እንዲህ አምርሮ ሲያስብ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

"እኔው ራሴ እነግረዋለሁ" አለ። "ትንሽ ከፍ ይበል።" ክንዴን አልለቀቀም። "ይማሉልኝ።"

"ልደታን፣ አልነግረውም" አልኩት።

ክንዴን ለቀቀና ወደ ማዞሪያው ተመለሰ። ልጁ ከፍ ሳይልለት፣ በሐምሌ አረፈ።